የፓኮው ፊት የማን ነው?

በአዲስ አበባ ፒያሳ፣ ማምሻው ላይ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ ሲይዝ ሱቅ በደረቴዎች ይበዛሉ። ባንጠለጠሏት ሳጥን ላይ ማስቲካ አለ፣ ከረሜላ አለ፣ ሶፍትና ላይተር አለ። የፊቱን ረድፍ የሚይዘው ግን ሲጋራ ነው። አዟሪው ፓኮዎቹን እንደነገሩ አይደረድራቸውም። ፊታቸውን ወደ መንገደኛው አዙሮ፣ የተከፈቱትን ከፊት አድርጎ፣ ቀለማቸው እንዲታይ ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ገዢው ብዙ አይናገርም። «አንድ ኒያላ» ይላል፤ ብሩን ሰጥቶ፣ በአዟሪው ላይተር ለኩሶ መንገዱን ይቀጥላል። ፓኮውን በእጁ አልነካውም። ከሰልፉ መሀል ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ቆመዋል። እነሱ የሚገዙት ማስቲካ ነው። ማስቲካውን ለመምረጥ ጎንበስ ሲሉ ግን መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው ከፊት በተደረደረው ቀለም ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ትምባሆን ማስተዋወቅ ክልክል ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ፕሮሞሽንንና ስፖንሰርሺፕን ዘግቷል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል። የፓኮው የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶ በሥዕል የታጀበ የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲይዝም አዟል። ለትምባሆ አምራቹ የቀረው 30 በመቶ ነው። በዚያ 30 በመቶ ላይ ቀለም አለ፣ አርማ አለ፣ ተመርጦ የተቀረጸ ፊደል አለ። ዓለም ከአሥር ዓመት በላይ በፍርድ ቤት የተሟገተው በዚህች በቀረችው ቦታ ላይ ነው። የሲጋራ ፓኮ ፊት ማንም የማይነካው የአምራቹ ንብረት ነው? ወይስ መንግሥት ሕዝቡን ለመጠበቅ ሊያወርደው የሚችል የማስታወቂያ ሰሌዳ?

የእኔ መልስ ሁለተኛው ነው። ምክንያቴን ለመናገር ግን ከፒያሳ ርቄ አውስትራሊያ መሄድ አለብኝ። (የኢትዮጵያ አዋጆች ካልሆኑ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አስቀያሚውን ቀለም ፍለጋ

ኤፕሪል 29 ቀን 2010 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድና የጤና ሚኒስትራቸው ኒኮላ ሮክሰን ማንም አገር ያልሞከረውን ነገር አስታወቁ። በአገሪቱ የሚሸጥ ሲጋራ በሙሉ አንድ መልክ ባለው ጌጥ አልባ ፓኮ ይሸጣል። የኩባንያ አርማ የለም፣ የኩባንያ ቀለም የለም። የሲጋራ ቀረጥም በዚያው ዕለት በ25 በመቶ እንዲጨምር ተወሰነ። ሮክሰን ለነገሩ ሩቅ አልነበሩም። አባታቸው ፋርማሲስት ነበሩ፤ አጫሽም ነበሩ። በምግብ ቧንቧ ካንሰር ሲሞቱ ሮክሰን ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበሩ።

ሐሳቡ ራሱ ከዚያ በፊት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሲንከራተት የኖረ ነው። በ1986 በካናዳ የሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሥቷል። በ1994 የካናዳ ፓርላማ የጤና ኮሚቴ ደግፎት ነበር። ያን ጊዜ የትምባሆ ኩባንያዎቹ የሰሜን አሜሪካን ነፃ የንግድ ስምምነት ለአሜሪካ የተደራደሩትን ካርላ ሂልስን ቀጥረው፣ ዕቅዱ ስምምነቱን ይጥሳል፣ ካናዳንም ከባድ ካሳ ያስከፍላታል የሚል የሕግ አስተያየት አቀረቡ። ዕቅዱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ካናዳ መልሳ ያነሣችውና ሥራ ላይ ያዋለችው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት መሀል ማጨስ የጀመሩትን ልጆች ሳስብ፣ አንድ በደንብ የተጻፈ የጠበቃ ደብዳቤ ምን ያህል ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል ይገባኛል።

አውስትራሊያ ግን ወደ ኋላ አላለችም። አንድ አምራች የገበያ ጥናት የሚያስጠናው ገዢው የሚወደውን ለማወቅ ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት ጂኤፍኬ የተባለውን አጥኚ ድርጅት የቀጠረው ገዢው የሚጠላውን ለማወቅ ነበር። አጥኚዎቹ ከ1,000 በላይ አጫሾችን ይዘው በተከታታይ ሰባት ጥናት አካሄዱ። ጥቁር ግራጫ፣ ሰናፍጭ የሚመስል ቢጫና ሌሎችም ቀለሞች ተፈተኑ። በመጨረሻ የተመረጠው ፓንቶን 448 ሲ የሚባል፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ድፍርስ ጥቁር ቡናማ ነው። የተጠየቁት አጫሾች ቀለሙን ሲያዩ የመጣላቸው ቆሻሻ፣ ሬንጅና ሞት ነበር። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ላይ «የወይራ አረንጓዴ» ብለውት ነበር፤ የአገሪቱ የወይራ አምራቾች ማኅበር ስማችን ከሲጋራ ጋር አይነሣ ብሎ አቤት ስላለ ስያሜው ተቀየረ።

ሕጉ ለአምራቹ ያስቀረለት ቀዳዳ የለም ማለት ይቻላል። የፓኮው ፊት 75 በመቶ፣ ጀርባው 90 በመቶ ማስጠንቀቂያ ነው። የሲጋራው ስም የሚጻፈው በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሉሲዳ ሳንስ በሚባለው፣ በተወሰነ መጠንና በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። በጣት የሚዳሰስ የጎበጠ ጽሑፍ አይፈቀድም። የውስጡ ወረቀትና የሲጋራው ቅርፅም ተደንግጓል። ምክር ቤቱ ሕጉን በኖቬምበር 2011 አጸደቀ። ከዲሴምበር 1 ቀን 2012 ጀምሮ በአገሪቱ ሌላ ዓይነት ፓኮ መሸጥ ወንጀል ሆነ።

በቀን ሃያ ጊዜ የሚታይ ማስታወቂያ

አንድ ፓኮ ይህን ያህል ጣጣ የሚገባው ለምንድን ነው? የሳሙና መጠቅለያ ዕቃው ከተከፈተ በኋላ ይጣላል። የሲጋራ ፓኮ ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው ሃያ ጊዜ ከኪሱ ያወጣዋል፤ ካፌ ሲቀመጥ ከስልኩ ጎን ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል፤ ጓደኞቹ ያዩታል፣ ልጆቹ ያዩታል። አውስትራሊያ የሲጋራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣችው በ1976 ነው። ከጋዜጣ፣ ከመንገድና ከስፖርት ሜዳ ያባረረችው ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ። ከዚያ በኋላ ለአምራቾቹ የቀረ ሰሌዳ ቢኖር ይህ በሰው ኪስ የሚዞረው ብቻ ነበር።

እነሱም አላባከኑትም። ማርልቦሮ ቀድሞ ለሴቶች የሚቀርብ ለስላሳ ሲጋራ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቀይና ነጭ ክዳናማ ፓኮ ተሠራለት፣ ካውቦይ ተጨመረለት፣ የወንድ ሲጋራም ሆነ። በ2007 በአሜሪካ አር ጄ ሬይኖልድስ የተባለው ኩባንያ «ካሜል ቁጥር 9» የሚባል ሲጋራ በጥቁርና በሮዝ ፓኮ አወጣ። ያነጣጠረው ወጣት ሴቶች ላይ ነው ተብሎ ብዙ ተወገዘ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ማስረጃ ግን የ2010ሩ ነው። የአሜሪካ ሕግ በዚያ ዓመት «ላይት» እና «ማይልድ» የሚሉ ቃላትን ከፓኮ ላይ አስወገደ፤ ምክንያቱም ላይት የተባለው ሲጋራ ከሌላው ያነሰ አይገድልም። ፊሊፕ ሞሪስ ቃሉን አነሣ። ማርልቦሮ ላይትስ ማርልቦሮ ጎልድ ሆነ፤ ደንበኛውም በወርቃማው ፓኮ ያለውን ማርልቦሮ እንዲጠይቅ ተነገረው። ያ ሁሉ አጫሽ ሲጋራውን ለማግኘት አልተቸገረም። ቃሉ ቢወገድም ውሸቱ በቀለሙ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ነጣ ያለ ፓኮ ላላ ያለ ጉዳት ይመስላል። አንድ ሰው ማቆም ሲገባው ወደ ነጣው ፓኮ ተዛውሮ «ቀንሻለሁ» ብሎ ራሱን ያጽናናል። ጌጥ አልባው ፓኮ ይህን ማጽናኛ ነው የሚወስደው።

የኩባንያዎቹ ሙግት ሁለት እግር ነበረው። ከ2010 ጀምሮ የአውስትራሊያ ባለሱቆች ጥምረት በሚል ስም፣ በትምባሆ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ዘመቻ አገሪቱን አጥለቀለቀ። መልእክቱ ባጭሩ «አይሠራም፣ ታዲያ ለምን ይደረጋል?» ነበር። በሌላ በኩል እነዚሁ ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ቀርበው ሕጉ በቢሊዮን የሚቆጠር ዋጋ ያለው ንብረታችንን ያወድምብናል አሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የማይሸጥ አርማ ቢነሣ ማን ይጎዳል? ኩባንያዎቹ በሦስት የክርክር መድረክ የተዋጉለት አርማው ሲጋራቸውን ስለሚሸጥላቸው ነው።

ሦስት ችሎት

የመጀመሪያው ችሎት የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል እና ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ መንግሥትን ከሰሱ፤ የመጀመሪያውን ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ አዲስ አበባ ላይ እናገኘዋለን። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት መንግሥት የሰው ንብረት የሚወስደው ፍትሐዊ ካሳ ከፍሎ ብቻ ነው ይላል። ኩባንያዎቹም የንግድ ምልክታችን ተወሰደ አሉ። ፍርድ ቤቱ ኦገስት 15 ቀን 2012፣ ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ክሱን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ ቀላልና ጠንካራ ነው። መንግሥት በኩባንያው ላይ ክልከላ አደረገ እንጂ ምልክቱን ለራሱ አልወሰደውም፤ ከኩባንያው እጅ ወጥቶ ወደ መንግሥት እጅ የገባ ንብረት የለም።

ሁለተኛው የበለጠ የሚያስቆጣ ነው። ፊሊፕ ሞሪስ በአውስትራሊያ ያለውን ድርጅቱን አክሲዮን በ2011 መጀመሪያ ወደ ሆንግ ኮንግ እህት ኩባንያው አዛወረ። ልብ በሉ፤ ዕቅዱ በይፋ ከተነገረ አሥር ወር ገደማ አልፎታል። ምክንያቱ በሆንግ ኮንግና በአውስትራሊያ መካከል በ1993 የተፈረመ የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነት መኖሩ ነው። ሕጉ በመጨረሻ በጸደቀባት በኖቬምበር 21 ቀን 2011፣ የሆንግ ኮንጉ ፊሊፕ ሞሪስ ኤዥያ «የውጭ ባለሀብት ነኝ፣ ተበደልኩ» ብሎ በግልግል ዳኝነት ከሰሰ። ዳኞቹ ዲሴምበር 17 ቀን 2015 በሰጡት ውሳኔ፣ ጠቡ እንደሚመጣ እያወቁ ለመክሰስ ሲሉ ብቻ አክሲዮን ማዛወር መብትን ያለአግባብ መጠቀም ነው ብለው መዝገቡን ዘጉ። አውስትራሊያ ራሷን ለመከላከል ወደ 24 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አወጣች። የተመለሰላት ግማሹ ነው።

አውስትራሊያ ይህን መክፈል ትችላለች። ሌሎቹስ? በአፍሪካ ናሚቢያና ቶጎ የፓኮ ማስጠንቀቂያቸውን ለማጥበቅ ሲነሡ ከትምባሆ ኩባንያዎች የክስ ማስፈራሪያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ኒውዚላንድን የመሰለች አገር እንኳ የአውስትራሊያን ክስ ውጤት አይቼ ብላ ዓመታት ጠበቀች። ኡራጓይ ግን አልፈራችም። ከፓኮው 80 በመቶ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን፣ አንድ ስምም በአንድ መልክ ብቻ እንዲሸጥ በማዘዟ ፊሊፕ ሞሪስ በ2010 ከሰሳት። በጁላይ 2016 ተረታ፤ ለአገሪቱ 7 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጪ እንዲከፍልም ታዘዘ። የሦስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ አገር ይህን ማድረግ መቻሏ የዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚያኮራ ገጽ ነው።

ሦስተኛው መድረክ የዓለም ንግድ ድርጅት ነበር። ዩክሬን፣ ሆንዱራስ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ኩባና ኢንዶኔዥያ አውስትራሊያን ከሰሱ። ዩክሬን ወደ አውስትራሊያ ሲጋራ አትልክም ነበር፤ ክሷንም በ2015 ተወችው። የትምባሆ ኩባንያዎች የአንዳንዶቹን ከሳሾች የጠበቃ ወጪ መደገፋቸው የተደበቀ አልነበረም። ወደ 900 ገጽ የሚጠጋው ውሳኔ በጁን 2018 ወጣ፤ በጁን 2020 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው አጸናው። የንግድ ምልክት ባለቤት ያለው መብት ሌላው ሰው ምልክቱን እንዳይጠቀምበት መከልከል ነው። ራሱ እንደፈለገ ሊጠቀምበት መንግሥት ዋስትና አልሰጠውም። ሕዝብን ከበሽታ ለመጠበቅ የተደረገ ገደብም ያለ በቂ ምክንያት የተጣለ ሸክም አይባልም። ከዚያ ወዲህ «በዓለም አቀፍ ሕግ አይፈቀድም» የሚለው ማስፈራሪያ መሠረት የለውም።

ለውጥ አመጣ?

ማጋነን ለዚህ ጉዳይ አይጠቅመውም። ሕጉ በሥራ ላይ በዋለ በሳምንታት ውስጥ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ማጨስ ለማቆም እርዳታ የሚጠየቅበት ስልክ ጥሪ በ78 በመቶ ጨመረ። በሜልቦርን ካፌዎች በረንዳ ላይ የተደረገ ምልከታ ደግሞ ፓኮውን ጠረጴዛ ላይ የሚያኖር ሰው እንደቀነሰ፣ ካኖረም ገልብጦ ወይም ሌላ ዕቃ ጭኖበት እንደሚያኖረው አሳየ። በ2016 መንግሥት ያስደረገው ግምገማ፣ ከዲሴምበር 2012 እስከ ሴፕቴምበር 2015 ባሉት 34 ወራት ከተመዘገበው የአጫሾች መቀነስ ውስጥ በፓኮው ለውጥ ምክንያት የመጣው 0.55 የመቶኛ ነጥብ ነው አለ። በሰው ሲቆጠር ከ100,000 በላይ ነው።

ተቃዋሚዎች ይህን ቁጥር ይዘው «ይኸው፣ ግማሽ ነጥብ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከ100,000 በላይ ሰው እላለሁ፤ ለዚያውም ምንም ዓይነት መድኃኒት ሳይገዛ፣ የካርቶን ቀለም በመቀየር ብቻ። እንግሊዝ ጉዳዩን እንዲያጠኑ የመረጠቻቸው የሕፃናት ሐኪም ሰር ሲሪል ቻንትለርም በ2014 የደረሱበት ድምዳሜ ይኸው ነው፤ ለውጡ መጠነኛ ነው፣ ግን አስፈላጊ ነው። ዋናው ጥቅም ሃያ ዓመት ባጨሰው ሰው ላይ ወዲያው አይታይም። የሱስ እስረኛ የሆነ ሰው ቡናማ ፓኮም ቢሰጡት ይገዛል። ጥቅሙ ገና ላልጀመረው ልጅ ነው፤ የሚፈለገውን መልክ በእጁ የሚያስይዘው ፓኮ ከፊቱ ይነሣል። ይህ ደግሞ በወራት አይለካም። በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት በየቀኑ የሚያጨሱት በ2010 ከመቶው 15.1 ነበሩ፤ በ2022–23 8.3 ሆነዋል። ቀረጡም፣ የአደባባይ ክልከላውም፣ በኋላ የመጣው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም በዚህ ውስጥ እጃቸው አለ፤ ሁሉንም ለፓኮው መስጠት አይገባም።

ስለ ቀለም ኃይል መማር የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይመልከት። በሪያድና በጅዳ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነገሩን በዓይናቸው አይተውታል። ሳዑዲ ከዓረብ አገራት መጀመሪያ ሆና በ2019 መገባደጃ ላይ ጌጥ አልባውን ፓኮ ገበያ አስገባች። ወዲያው ጩኸት ተነሣ። አጫሾች የሲጋራው ጣዕም ተበላሽቷል፣ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል እያሉ በማኅበራዊ ሚዲያ አቤት አሉ። መንግሥት ኩባንያዎቹን ጠይቆ ያገኘው መልስ ትምባሆው አልተለወጠም የሚል ነበር። በአውስትራሊያም ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ ስሞታ ተሰምቶ ነበር። ትምባሆው ያው፣ ጭሱ ያው፣ ፓኮው ብቻ ተቀየረና ጣዕሙ በአፍ ውስጥ መረረ። እንግዲህ ያ ጥሩ ጣዕም ዱሮም ከትምባሆው ብቻ አልነበረም የሚመጣው፤ በወረቀቱ ላይ የተቀባ ነበር።

እስራኤልም በጃንዋሪ 2020 ይህንኑ ፓኮ አስገባች። እንግሊዝና ፈረንሳይ ቀደም ብለው በ2017 ጨርሰውታል። ዛሬ ሕጉ ከ20 በላይ አገራት ውስጥ አለ፤ ከአፍሪካ ቀድማ የገባችው ሞሪሸስ ናት። ሜልቦርን ፉትስክሬይ ውስጥ ቡና የሚያፈላ ኢትዮጵያዊ፣ ቴል አቪቭ ያለ ዘመዱና ጅዳ ያለች እህቱ የሚያዩት ፓኮ አንድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያሉት ወንድሞቻቸው ግን ባለቀለሙን ያያሉ።

አውስትራሊያን የከሰሰው አዲስ አበባ ገባ

አሁን ስሙን ያዙልኝ ወዳልኩት ድርጅት ልመለስ። በ1942 የተመሠረተው፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱን ሲጋራ በብቸኝነት የያዘው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት በአብዛኛው የመንግሥት ነበር። በጁላይ 2016 ጃፓን ቶባኮ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ 30.95 በመቶ ወስዶ ድርሻውን 70.95 በመቶ አደረሰው። የአውስትራሊያን መንግሥት በፓኮ ጉዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቆመው ጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል የዚሁ ኩባንያ ክንፍ ነው። ዛሬ ኒያላን የሚያመርተው ድርጅት የእሱ ነው።

ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ የተከፈለው ለምንድን ነው? በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ጥናት ማንኛውንም ዓይነት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ሃይማኖታችንም፣ ባህላችንም፣ የኪሳችንም አቅም ረድቶን ከዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ተርታ ነን። ሂሳቡን ማስላት የሚችል ሰው ያስላው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ አብዛኛው ወጣት፣ ከመቶው ዘጠና አምስቱ ገና ያልተነካ። ያ ሁሉ ዶላር ዛሬ ለሚያጨሱት ብቻ የተከፈለ ነው ብሎ የሚያምን ካለ እኔ አይደለሁም። የተከፈለው ነገ ለሚጀምሩት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው። አውስትራሊያና እንግሊዝ ይህን ሕግ ያወጡት እሳቱ ቤታቸውን ከበላው በኋላ ነው። እኛ ግን ገና ጊዜ አለን።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አልንቅም። ትልቁ ኮንትሮባንድ ነው። በምሥራቅ ድንበር ቀረጥ ያልተከፈለበት ሲጋራ በየጊዜው ይገባል፤ በአውስትራሊያም ሕገወጥ ትምባሆ ከባድ ችግር ሆኗል። ከ2023 ወዲህ በሜልቦርንና በአካባቢው በወንጀለኛ ቡድኖች ፉክክር ከመቶ በላይ የእሳት ጥቃት ደርሷል፣ ዒላማዎቹ በአብዛኛው የትምባሆ ሱቆች ናቸው። ይህን መደበቅ ሐቀኝነት አይደለም። ነገር ግን ወንጀለኛውን የሚስበው በዚያ አገር አንድ ፓኮ ከ40 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ መሸጡና በሕጋዊውና በሕገወጡ ዋጋ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት ነው። የፓኮው ቀለም አይደለም። እንዲያውም ሕጋዊው በሙሉ አንድ መልክ ባለው አገር ባለቀለም ፓኮ ራሱን ያጋልጣል፤ ተቆጣጣሪው ከሩቅ ያውቀዋል። የድንበሩ ጉዳይ የጉምሩክ ሥራ ነው፣ መሠራትም አለበት፤ ለፓኮው ሕግ ግን እንቅፋት አይሆንም።

«የግል ነፃነት ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ሕግ ከአጫሹ አንዲት ሲጋራ አይወስድም። የሚወስደው ከአምራቹ ነው፣ እሱም የማማለል ፈቃዱን ብቻ። «ነገ በቢራውና በለስላሳው ይመጣል» ለሚሉትም፣ እንደታዘዘው ሲጠቀሙበት ከተጠቃሚዎቹ እስከ ግማሽ የሚደርሱትን የሚገድል ሌላ ሕጋዊ ሸቀጥ ያሳዩኝና እንነጋገር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ከዚሁ ከመንገዳችን የሚነሣው ነው። የእኛ ሰው ሲጋራ በፓኮ አይገዛም፣ በፍሬ ነው የሚገዛው። ጫት ቤት የተቀመጠው ወጣት አንድ ፍሬ ያስመጣል፤ ከምርቃናው ጋር ሌላ ይደግማል፤ በዚያ መሀል ማስጠንቀቂያውን አንድ ጊዜም ሳያይ ይነሣል። ፓኮው ወደ ቤቱ አብሮት አይሄድም። ታዲያ ጌጥ አልባ ፓኮ ለእኛ ምን ይሠራል?

ሁለት ነገር ይሠራል። የመጀመሪያው የአዟሪውን ሳጥን ይመለከታል። በፍሬ በሚሸጥበት ከተማ ፓኮ የገዢው ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሻጩ መደርደሪያ ሆኗል። አንድ ፓኮ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ከሚደበቅ ይልቅ ቀኑን ሙሉ በመንገደኛ ሁሉ ፊት ተከፍቶ ይውላል። ስለዚህ ቀለሙን መንጠቅ ከሜልቦርን ይልቅ ፒያሳ ላይ የበለጠ ትርጉም አለው። ማስቲካ የምትገዛው ተማሪ የምታየው የበሽታ ሥዕልና ድፍርስ ቡናማ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ከካናዳ የምንማረው ነው። ካናዳ ከ2023 ጀምራ ማስጠንቀቂያው በእያንዳንዱ የሲጋራ ፍሬ ላይ እንዲታተም አዛለች፤ አውስትራሊያም ተከትላለች። ይህ ደንብ የተጻፈው ለእነሱ ነው፤ የሚስማማው ግን ከማንም በላይ በፍሬ ለሚገዛ አገር ነው። በፍሬ የሚገዛው ወጣታችን ማስጠንቀቂያውን በሁለት ጣቱ መሀል ይዞ ያነበዋል።

ይህ ለውጥ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ የማተሚያውን ወጪ የሚችለው አምራቹ ነው። የሕግ መሠረቱም አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2014 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አፈጻጸም መመሪያዎችም ከ2008 ጀምሮ አባል አገራት ጌጥ አልባ ፓኮን እንዲያስቡበት ይመክራሉ። በአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በፊሊፕ ሞሪስ የግልግል ችሎትና በዓለም ንግድ ድርጅት ሊነሣ የሚችለው የሕግ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። ጃፓን ቶባኮ አዲስ አበባ ላይ ቢከራከር እንኳ አንድ ጊዜ በተረታበት ነገር ነው የሚከራከረው።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የጤና ሚኒስቴር፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ሆይ፦ 70 በመቶውን ለጤና ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። የቀረው 30 በመቶ ለልጆቻችን የሚሰጠው አንዳች ጥቅም የለም። ውሰዱት። በእያንዳንዱ ፍሬ ላይም ማስጠንቀቂያ አስጽፉ። ይህን የምታደርጉበት ጊዜ የአጫሾቻችን ቁጥር አሁን ባለበት ዝቅተኛ ደረጃ ላይ እያለ ነው።